ታብሌቷ ተገኘች አሉ

ኅዳር 5፣ አርብ፣ ጠዋት

ዛሬም ውርጭ። ሳፋው ውስጥ ያደረው ውሃ ላዩ ቆዳ አውጥቶ ጠበቀኝ፣ በክርኔ ሰበርኩት። የትናንት እንግዶች አንሶላ ተከምሯል፣ አንዱ ቢራ ደፍቶበታል። በረኪና አልቋል። ለእትዬ ብዙነሽ ብነግራቸው በረኪናውን ትጠጪዋለሽ እንዴ ልጄ አሉኝ። ፔንስዮኑ የሳቸው ነው፣ አፋቸው እንጂ ልባቸው ክፉ አይደለም። ጣቴ አይታዘዝም፣ እየነፋሁበት ነው የምጽፍልሽ።

ከሰዓት የሸሸን ሴቶች የምንመዘገብበት ቢሮ እሄዳለሁ። በየወሩ ነው። ወ/ሮ መሠረት ታብሌቷን ከፍተው ይጠይቁኛል፣ እንዴት ነሽ፣ ቤት ቀየርሽ ወይ፣ የምትሠሪው እዛው ነው ወይ፣ እኔ ስናገር እሳቸው በጣታቸው ይጽፋሉ። ፎቶዬም እዛው ውስጥ ነው። ስሜም አለ፣ እውነተኛው። እዚህ ሁሉም የሚያውቀኝ ሳራ ብሎ ነው። ከቢሮ ውጭ ጥሩነሽ የምትለኝ አብራኝ የምትኖረው ዘሃራ ብቻ ናት፣ እሷም በር ከተዘጋ በኋላ።

ደብተሬ፣ አንቺንም የሰጡኝ ወ/ሮ መ. ናቸው። ሲጨንቅሽ ጻፊ፣ ፊደሉ ቢሳሳት ማንም አያርምሽም ብለው። የተማርኩት አራተኛ ክፍል ድረስ ነው። ከዛ በኋላ ደ. ጠለፈኝ። ከአንኮበር በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው ቤቱ። ስሙን ሙሉውን አልጽፈውም። ከጻፍኩት የሚሰማኝ ይመስለኛል። ስሸሽ ለናቴ ምን ብሎ እንደላከባት አውቃለሁ፣ ባገኘኋት ቦታ ነው የምቀብራት ብሎ ነው።

በቃ ላጥብ።

ኅዳር 5፣ 10 ሰዓት

ሄጄ መጣሁ። ደስ አላለኝም። ወ/ሮ መ. ዓይኔን አላዩኝም። ሲስተም የለም፣ ሳምንት ነይ አሉኝ። ሲስተም ሲጠፋ እንኳን ታብሌቷ ጠረጴዛው ላይ ትቀመጥ ነበር፣ ዛሬ የለችም። ስወጣ ከኋላዬ ጥሩነሽ ብለው ጠሩኝ። ዞርኩ። ምንም አሉ። በርቺ አሉ።

ምንድነው እንዲህ የሚያደርጋቸው? ወይ ታመው ይሆናል።

ኅዳር 7፣ እሑድ፣ 4 ሰዓት

ነጠላዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፍልሽ። ውርጭ አይደለም።

ቅዳሴ አልቆ ሰው ሊበተን ሲል አባ ማይኩን ያዙ። የጠፋ ዕቃ አለ አሉ። ሁሌም አለ እኮ፣ ባለፈው ጥጃ ነበረች፣ ከዛ በፊት የእድር ድንኳን ብረት። እኔ ነጠላዬን እያስተካከልኩ በግማሽ ጆሮ ነው የምሰማው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታብሌት ባጃጅ ውስጥ ተረስታለች አሉ፣ ሽፋኗ ጥቁር ነው። ዕቃዋ ብቻ እንዳይመስላችሁ አሉ፣ ከባል ሸሽተው መንግሥት የሸሸጋቸው ሴቶች ስማቸው፣ ፎቷቸው፣ ያሉበት ቤት ሳይቀር በውስጧ አለ፣ የነፍስ ጉዳይ ነው፣ ስለዚህ ያየ፣ የሰማ፣ ይዞ የደበቀ ውጉዝ ከመ አርዮስ።

ሰዉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። አሜን ካልኩ በኋላ ነው የገባኝ።

ግንቡን ያዝኩ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ለጓደኛዋ እንዲህ ከሆነማ የኔንም ስም ይመዝግቡልኝ፣ ባሌ እንደሆነ ብጠፋም የሚፈልገኝ እራት ሲደርስ ነው አለች፣ ተሳሳቁ። ጓደኛዋ ደግሞ ዘንድሮ እኮ ሰፈራችን ዘመድ የማይጠይቃት ልጅ በዝታለች አለች። ወደኔ አላየችም። ግን ወደኔ ያየች መሰለኝ። ሁሉም ያየኝ መሰለኝ። በሴቶቹ በር መውጣት አቃተኝ፣ ሰው እስኪቀንስ ተንበርክኬ የምጸልይ መሰልኩ። አንድ ቃል አልጸለይኩም።

እስከ ዛሬ ጠዋት ያገኘው ሰው ያገኘው ታብሌት ብቻ ነበር። ለልጁ ጌም ሊያጫውትበት፣ ወይ ሊሸጠው። አሁን ምን እንደያዘ አውቋል። በማይክ ነገሩት።

ኅዳር 7፣ ከሰዓት

ለዘሃራ ነገርኳት። ከምትሠራበት ቁርስ ቤት መጥታ የዘይት ሽታዋን እንኳን ሳትታጠብ። እሷም እዛ ውስጥ አለች እኮ፣ ከቆላው ነው የመጣችው፣ አባቷን ለሚያክል ሰውዬ ሰጥተዋት ነው የጠፋችው። መጀመሪያ አላመነችኝም። ቀጥላ ወላሂ እኔን በምን ሊነግሩኝ አስበው ነው አለች፣ እኔ ቅዳሴ አልሄድ፣ መስጊድ አልተነገረ። የሰው ሚስጥር ጥለው ለማያገባው ሁሉ ነግረው ለባለቤቱ አይነግሩም? ተናዳ ነው እንጂ አልፈራችም። እኔ የሷንም ድርሻ ፈራሁላት።

ነገ አብረን እንሂድ አለች። እሺ አልኩ። በሩን ሁለቴ ነካሁት፣ ተቀርቅሯል።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ቢሮ ነበርን። ዘበኛው ዛሬ ባለጉዳይ አይስተናገድም፣ ስብሰባ ነው አለ። ዘሃራ እኛ የስብሰባው አጀንዳ ነን አለችው። ምን እንደገባው እንጃ አስገባን።

የቢሮውን ሃላፊ ገና ዛሬ በቅርብ አየኋቸው። ጨዋ ናቸው፣ ቁጭ በሉ አሉን፣ ውሃ አስመጡልን። ታብሌቷን የረሷት እሳቸው ናቸው፣ ለሪፖርት ይዘዋት ሲሄዱ፣ ይሄን ወ/ሮ መ. ናቸው ኮሪደር ላይ የነገሩን። ሃላፊው ግን ጠፋች ነው የሚሉት፣ በራሷ የሄደች ይመስል። አትረበሹ አሉ። ፖሊስ ያውቃል፣ ንብረት ክፍል ያውቃል፣ ዞን ያውቃል፣ አባም ሳይቀሩ አውግዘዋል። ዘሃራ ታዲያ ሁሉም ካወቀ ሳናውቅ የቀረነው እኛ ብቻ ነን ማለት ነው አለቻቸው። ሰውዬው ቅር አላቸው። እናንተንማ ላለማስጨነቅ ብለን ነው አሉ።

ላለማስጨነቅ።

ቁልፍ የላትም ወይ አልኩ እኔ። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ። አላት አሉ። ወ/ሮ መ. መሬት መሬት ያያሉ። ምንድነው አልኳቸው። የይለፍ ቁጥሩ ሠራተኛው እንዳይረሳው ፕላስተር ላይ ተጽፎ ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል አሉ።

ዘሃራ ሳቀች። እኔ ተነስቼ ውጭ ወጣሁ።

ወ/ሮ መ. ተከትለውኝ ወጡ። የጠፋች ቀን በየቤታችሁ እንዙር ብዬ ነበር አሉኝ፣ ሃላፊው ዞን ሳያውቅ አይሆንም አለ፣ ዞን እስኪያውቅ ሦስት ስብሰባ። አርብ ዕለት ልነግርሽ ነበር፣ አፌ ላይ ነበር። እኔም ጥሩነሽ ብለው ሲጠሩኝ አውቄያለሁ አልኳቸው። ምን ልበል? ሊያለቅሱ ደርሰዋል። እሳቸውን ላባብል ነው ወይስ እኔን?

ኅዳር 10፣ ረቡዕ፣ 3 ሰዓት

ስልክ ተደወለ። የማላውቀው ቁጥር። አነሳሁት፣ ጅል ነኝ፣ አንሶላ እየጨመቅኩ በትከሻዬ ይዤ አነሳሁት። ወንድ ነው። ሄሎ፣ ጥሩነሽ? አለ።

ጥሩነሽ። ይሄን ስም በስልክ የሚጠራኝ ወንድ የለም።

ዘጋሁት። እንደገና ደወለ። ሲሙን አውጥቼ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። አሁን የቢሮው ሰዎችም ቢፈልጉኝ አያገኙኝም፣ እናቴ ብትሞት እንኳን አልሰማም። ሲሙን ብመልሰው ደግሞ እሱ ነው። እሱ ነው? ድምፁ አይደለም። የደ. ድምፅ ወፍራም ነው። ወንድሙ ቢሆንስ፣ የሱን ድምፅ ረስቼዋለሁ። ጓደኛው ቢሆንስ።

እትዬ ብዙነሽ ምን ሆነሽ ነው እንደ ገብስ ንፍሮ የምትንተከተኪው አሉኝ። ብርድ ነው አልኳቸው። እሳቸውም ጋቢያቸውን አውልቀው ጣሉብኝ፣ ሙችልኝ እስቲ አንሶላውን ማን ያጥብልኛል ብለው። ልነግራቸው ነበር። ከነገርኳቸው ያባርሩኛል፣ ካልነገርኳቸው ደግሞ በሩን ለማንም ይከፍታሉ።

አልነገርኳቸውም።

ኅዳር 12፣ አርብ

ከተማው ሁሉ ጭስ። ኅዳር ሲታጠን ነው፣ በየበሩ ጥራጊ ይቃጠላል። ያሰጣሁት አንሶላ ጭስ ጭስ አለ፣ ነገ እንደገና ማጠብ አለብኝ። ጭሱ ደስ ብሎኛል፣ ሰው ፊቴን አያይም።

ሁለት ነጋዴዎች አርፈዋል ፔንስዮኑ፣ እህል ይዘው የመጡ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ፣ እኔ ከአንሶላው ወዲህ ነኝ፣ እነሱ ከወዲያ። አፋቸውን ሲከፍቱ አወቅኩ፣ የኛ አገር ሰዎች ናቸው። ገመዱ ላይ እጄ ቀረ።

አንዱ የጠፉ ሚስቶች መዝገብ ጠፋ ሲሉ አልሰማህም አለ። ሌላው አንኮበር ገበያ ላይ ሌላ ወሬ የለም አለ። አሁን እንግዲህ ሚስት የጠፋችበት ሁሉ ደ/ብርሃን ሊመጣ ነው፣ ያተረፈው የመኪና ረዳት ነው። ሳቁ። ቀጥሎ የመጀመሪያው፣ በዕድሜ የገፋው፣ ኧረ ተው ምስኪኖች ናቸው፣ ወደው አልሸሹ አለ።  ያኛው ምን እንዳሰበ አላውቅም። የሀገሬ ሰው ስለኔ ሲያዝን ሰምቼ አላውቅም፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንሶላውን እንደያዝኩ ጫፉ በእጄ ውስጥ ቀዘቀዘ።

ወሬው ቀድሞኝ ቁልቁለቱን ወርዷል። አባ ማይክ ላይ አንዴ ተናገሩት፣ የሰማው ሁሉ ተሸከመው።

ደብተሬ፣ አንቺንስ ማን ያገኝሻል? ከዛሬ ጀምሮ ፍራሹ ስር አይደለሽም። የት እንዳስቀመጥኩሽ አልጽፍም።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ቤተክርስቲያን አልሄድኩም። ከመጣሁ የመጀመሪያዬ ነው፣ ነገ ጾም ይገባል፣ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ዘሃራ ሮጣ መጣች። ታብሌቷ ተገኘች። የሆነ ሰው በፌስታል ጠቅልሎ የቤተክርስቲያኑ በር ላይ አስቀምጧት ሄዷል። ባጃጅ ነጂ ነው ይላሉ፣ ውግዘቱ እንቅልፍ ነስቶት ነው ይላሉ። ከተማው በአባ ተገርሟል። የቁርስ ቤቱ ደንበኞች በሙሉ ፖሊስ ያልቻለውን ውግዘት ቻለ እያሉ ነው አለችኝ።

አልቅሼ ሳቅሁ። ዘሃራም ሳቀች። እንዲያውም ስልኩን የደወለልኝን ሰውዬ አወቅነው፣ ለሷም ደውሎላት ነበር፣ አዲስ የተቀጠረ የቢሮው ልጅ ነው፣ በራሱ ስልክ እየደወለ ስማችንን የሚጠራ። ለማጽናናት ነው የደወለው። ለማጽናናት ሊገድለኝ። ማክሰኞ ሁላችሁም አዳራሽ ኑ፣ የምሥራች አለ ብሏታል።

ሲሙን መለስኩ። ትንሽ ተነፈስኩ። ከዛ ጠዋት ጠዋት የሚመጣው ሃሳብ ማታም መጣ፣ ማን ከፍቷት ነበር?

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ከአዳራሹ አሁን ገባሁ። ፈርቻለሁ፣ ደሞም ተናድጃለሁ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ሁላችንንም በአንድ ቀን አንድ አዳራሽ ሰበሰቡን። እስከ ዛሬ ከተሸሸጉት እኔ ዘሃራን፣ ዘሃራ እኔን ብቻ ነበር የምናውቀው። አሁን ሁላችንም ተያየን። በር ላይ ለስላሳ የምትሸጥ ሴትዮ ስንገባ አንድ በአንድ አየችን። ይሄን ሁሉ ሴት ምን ሰበሰበው ብላ ዘበኛውን ስትጠይቀው ሰማሁ። እሱም ነገራት።

ሃላፊው ንግግር አደረጉ። አባን አመሰገኑ፣ ሕብረተሰቡን አመሰገኑ፣ ያላወቁትን ባጃጅ ነጂ አመሰገኑ። ካሜራ የያዘ ልጅ ፊት ለፊት ቆሟል። ለፌስቡክ ገጻችን ነው፣ ቀና በሉ አለ። ሴቱ ሁሉ በአንዴ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ። ጨርቅ ሲንቀሳቀስ ብቻ ተሰማ። ዘሃራ ተነስታ ካሜራው ፊት ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፣ ወንድሜ ማንሳት ካማረህ ይሄን አንሳ፣ ሻሼ አዲስ ነው አለችው። ልጁ አፈረ፣ ካሜራውን አወረደ። ሃላፊው በጎ ገጽታ ነው እኮ አሉ።

ተነሳሁ። እኔ። እግሬ ነው የተነሳው፣ እኔ ቁጭ ብዬ ነበር። ከጠፋችበት እስከተገኘችበት ማን ከፈታት አልኩ። ሃላፊው ልጄ፣ ተወግዞ ማን ደፍሮ ይከፍታል አሉ። ዘሃራ ከፊት ሆና ውግዘቱ አትደብቅ አለ እንጂ አትክፈት አላለም አለች።

 ወ/ሮ መሠረት ከዳር ተነሱ። ፊታቸው አመድ። ስትጠፋ ባትሪዋ ሞቶ ነበር አሉ፣ ቻርጅ ላደርጋት ስል ነው ለሪፖርት የተወሰደችው። ስትመለስ ሙሉ ናት።

ሃላፊው ቻርጅ ማስረጃ አይሆንም አሉ።  እኔ ማየት የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የማላውቀው ቤት፣ ግድግዳው ላይ የተሰካ ገመድ፣ እኔ እዛ ውስጥ እየሞላሁ።

ሊበተን ሲል ወ/ሮ መ. ስም ይጠሩ ነበር፣ አንዷ አልመጣችም። ሙና ትባላለች፣ ያገሯ ልጅ ስለሆነች ዘሃራ ታውቃታለች፣ እዚህ መኖሯን ግን ገና ዛሬ ሰማች፣ ጡት የሚጠባ ልጅ አላት፣ በአንኮበር መውጫ ወፍጮ ቤቱ ጓሮ ነው ያለችው። ከወንድሞቿም ከባሏም ነው የሸሸችው። ስልኳ ጥሪ አይቀበልም አለ ያ አዲሱ ልጅ። ሃላፊው በቃ ስትመጣ ትሰማለች አሉ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ፣ 6 ሰዓት

መጣ።

ደ. አይደለም። ወንድሙ ነው። ፔንስዮኑ ድረስ። ጽሕፈቴ የተጣደፈ ከሆነብሽ ይቅር በይኝ፣ እሱ ከሄደም በኋላ ከአንሶላው ማከማቻ አልወጣሁም።

ድምፁን ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር፣ አልረሳሁትም። እትዬ ብዙነሽ በር ላይ ናቸው፣ እኔ ከጓሮ ማከማቻው ሆኜ እሰማለሁ። ቤቶች ብሎ ገባ፣ እህቴን ፈልጌ ነው አለ። ጥሩነሽ። እሳቸው እንዲህ የምትባል አላውቅም አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ያኔ ስልኩን አወጣ። ይቺ ናት አለ።

እትዬ ምን እንዳዩ በኋላ ነገሩኝ። የኔ ፎቶ ነው፣ ከኋላዬ የቢሮው አረንጓዴ ግድግዳ፣ ጎኑ ላይ ጽሑፍ። የታብሌቷ መስታወት በሌላ ስልክ ፎቶ ተነስቶ ነው። ጽሑፉ ላይ የፔንስዮኑ ስም አለ። ማን እንደሰጠው አልተናገረም።

እትዬ ስልኩን ይዘው፣ መነጽራቸውን ከአናታቸው አውርደው፣ ረጅም ጊዜ አዩ።  ከዛ ምን አሉ መሰለሽ? ይቺን ሌባ ነው እህቴ የምትለው? ያላባረርኳት መሰለህ? አንሶላ በፌስታል እየጠቀለለች ስታወጣ ይዣታለሁ፣ ባለፈው አዲስ አበባ ሄደች፣ ካገኘሃት የስንት አንሶላ ዕዳ አለብሽ በልልኝ። ሰውዬው ሊናገር ሲል ኧረ ወንድሟ ከሆንክማ አንተው ክፈል ብለው እጁን ጠምዝዘው ያዙት። ሸሸ። እኔን ፈልጎ የመጣው ሰውዬ ከእትዬ ብዙነሽ ሸሸ። ሲወጣ ግን ከተማዋ ትንሽ ናት፣ እመለሳለሁ አለ።

እትዬ መጥተው የማከማቻውን በር ከፈቱ። ቆመው አዩኝ። ሳራ ነኝ አላልሽኝም ነበር አሉ። ነኝ፣ አልኩ፣ ጥሩነሽም ነኝ። ይሄን ያህል ወር ቀልቤሽ አታውቂኝም ማለት ነው፣ ትነግሪኝ ነበር አሉ። ቀጥለው ቁጭ አሉ፣ አንሶላው ላይ፣ የታጠበው ላይ። ሌባ አድርጌሻለሁ ልጄ፣ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው፣ ይቅር በይኝ አሉ።

ወሬ ሳይነገራቸው ያዳኑኝ እሳቸው ናቸው። ቢነገራቸውማ በሩን ባልከፈቱት።

ኅዳር 19፣ አርብ

በጓሮ በጓሮ፣ ዘሃራ ከፊት እያየች፣ ቢሮ ደረስን። ለሃላፊው ነገርኳቸው። ሁሉንም ሰሙ። አንዴ ግንባራቸውን በመሀረብ ጠረጉት፣ ፈርተዋል፣ አየሁ እኮ፣ ለኔ ይሁን ለወንበራቸው አላወቅኩም። ከዛ በማመልከቻ ይምጣ አሉ። ምን ብዬ ልጻፍ? ፎቶዬ ጠፍቶ ሰው እጅ ገብቶ ሰው በሬ ድረስ መጣ ብዬ? ጻፊው አሉ፣ እንደዛው ጻፊው፣ ለዞን ይጠቅመናል።

ወ/ሮ መሠረት እጄን ይዘው አወጡኝ። ማመልከቻው ይቆይ፣ ነገ 2 ሰዓት ላይ መኪና አለ፣ የኔ ሰው ነው የሚነዳው አሉኝ። ደነባ ወይ አረርቲ፣ በሁለቱም የሚቀበሉሽ ሰዎች አሉኝ፣ አንቺ ምረጪ። ወረቀት ላይ አልጽፈውም አሉ፣ ታብሌት ላይም አይገባም። መረጥኩ። የቱን እንደመረጥኩ ላንቺም አልነግርሽም። ዘሃራም ትከተለኛለች።

ለምን ይሄ ያኔ አልሆነም? እኔ እንደው ያልተማርኩ ነኝ፣ ግን እቤት ውስጥ ልጅሽ እሳት ላይ ብትወድቅ መጀመሪያ ጎረቤት ትጠሪያለሽ ወይስ ልጅቷን ታነሺያለሽ? አንድ ሰው በሬን አንኳኩቶ፣ ጥሩነሽ፣ ፎቶሽና ቤትሽ ከእጃችን ወጥቷል፣ ጥፋቱ የኛ ነው፣ ዛሬ የት ማደር ትፈልጊያለሽ ቢለኝ ኖሮ። ያን ቀን እፈራ ነበር። ግን ቀድሜ እፈራ ነበር። ቀድሞ መፍራት እኮ ሌላ ነው፣ እግር አለው።

ልወጣ ስል ሙናስ አልኩ። ወ/ሮ መ. እኔም ትናንት ልሄድ ስል ሃላፊው ከለከለኝ አሉ፣ አሠራር አለ፣ ለቀበሌዋ ደብዳቤ ይጻፋል ብሎ። ስሟ፣ ጉዳይዋ፣ አድራሻዋ ሁሉ ያለበት ደብዳቤ። በመልእክተኛ። ለቀበሌ። እዛ ቀበሌ የሙና ባል አጎት ዘበኛ ነው አለች ዘሃራ።

ወ/ሮ መ. ይሄን አላወቁም። ቁጭ አሉ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 12 ሰዓት

አልተኛሁም። ዕቃዬ አንድ ፌስታል ነው። የእትዬ ብዙነሽን ጋቢ መለስኩ፣ እምቢ አሉ፣ መልሰው ጣሉብኝ።

መኪናው 2 ሰዓት ነው። ሙና ያለችበት ወፍጮ ቤት በአንኮበር መውጫ ነው፣ ከአንኮበር የሚመጣው መኪና ሁሉ እዛ ጋ ነው የሚያቆመው። የደ. ወንድም ትናንት እዛ ሻይ ቤት ሲቀመጥ ታይቷል፣ እትዬ ናቸው ሰው ልከው ያረጋገጡት። ሌላ መንገድ የለም። ዘሃራ እኔ ብቻዬን ልሂድ፣ እኔን አያውቀኝም አለች። እውነት ነው። ግን ደግሞ ሙና ዘሃራን ካየች ካገር የተላከች መስሏት ትደበቃለች፣ ከአገሯ ለመጣ ሰው በር አትከፍትም፣ እኔም አልከፍትም ነበር። እኔን አንዴ ቢሮ በር ላይ አይታኛለች፣ ሙና መሆኗን ሳላውቅ ልጇን ይዤላታለሁ። ታስታውሰኛለች። መሰለኝ።

እፈራለሁ ደብተሬ።  ብቀር ማንም አይወቅሰኝም፣ ዘሃራም አትወቅሰኝም። ግን እኔ ሁሉንም ነገር ያወቅኩት ከማይክ ነው። እሷ ደግሞ ከማን ልትሰማ ነው? በሩ ላይ ከቆመው ሰው።

እሄዳለሁ። ጋቢውን ተከናንቤ፣ ዘሃራ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ወፍጮው ሲከፈት እህል ከያዙ ሴቶች ጋር ተቀላቅዬ። ስሟን በር ላይ አልጠራም። አንኳኩቼ ብቻዋን መሆኗን ሳይ ቀስ ብዬ ነው የምነግራት፣ ምን እንደጠፋ፣ ሰው እጅ ምን እንደገባ፣ የማላውቀውን አላውቅም እላታለሁ። ከዛ የት መሄድ ትፈልጊያለሽ እላታለሁ። መኪናው ላይ ለሷና ለልጇ ቦታ አለ፣ ወ/ሮ መ. ሹፌሩን ነግረውታል።

ዘሃራ ጠራችኝ። ወፍጮው ተነስቷል፣ ድምፁ ይሰማል። ሄድኩ።